እህቴ ያላስረከበችው ቤት

የመጨረሻው ቀን ተራ ቀን ነበር። ማክሰኞ። መምህር ሙሉቀን የሚባሉ ጡረተኛ ዳንግላ ላይ ያሠሩትን አዲስ ቤት ስናጸዳ ዋልን። ግንበኛውና ቀለም ቀቢው ከወጡ በኋላ፣ ባለቤቱ ዕቃውን ከማስገባቱ በፊት የምንገባው እኛ ነን፤ ሥራችን ይኸው ነው። ሴራሚክ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ እናነሳለን፣ መስታወት ላይ የተረጨ ቀለም በምላጭ እንፍቃለን፣ ከጣሪያ ሥር ያለውን አቧራ ሳይቀር እናወርዳለን። ታላቅ እህቴ የሺ፣ እኔ እታለም የምላት፣ መሰላል ላይ ወጥታ የሳሎኑን መስኮት ትወለውላለች። እኔ ከሥር መሰላሉን ይዣለሁ። ውጭ ፀሐይ ነበር። በአጥሩ በኩል አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን እየተሳደበ ሲያልፍ እሷ ስድቡን ሰምታ ሳቀች፤ መሰላሉም አብሯት ሳቀ፤ ማለቴ ተንቀጠቀጠ።

«ነገ አንተ ነህ የምታስረክበው» አለችኝ፣ ቁልቁል ሳታይ።

«ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ! መሰላሉን መስሎህ ነው?»

«እኔ ንግግር አይሆንልኝም፣ እታለም።»

«ማን ንግግር አድርግ አለህ? ሽማግሌ አልተላክህ። በሩን ከፍተህ አሳያቸው፣ ዝጋ፣ ና።»

ማስረከብ የምንለው ምን እንደሆነ ልናገር። ጽዳቱ ሲያልቅ ባለቤቱ ይጠራል። ከእኛ አንዱ እየመራ ክፍል በክፍል ያሳየዋል። ባለቤቱ «ተረክቤአለሁ» እስኪል ድረስ ሥራው አለቀ አይባልም፤ ወለሉ ፊት የሚያሳይ ቢሆንም አላለቀም። ይህን ሁልጊዜ የምታደርገው እታለም ነበረች። እሷ ስታሳይ ሰዉ ከቤቱ ይልቅ እሷን ነው የሚያየው። ታስቃለች፣ ትከራከራለች፣ «እስኪ እጅዎን እዚህ ላይ ያሳልፉ» እያለች የበሩን መቃን ታስነካቸዋለች። እኔ ግን ባለቤቱ በግቢው በር ብቅ ሲል ባልዲዬን ይዤ ወደ ቧንቧው እሄዳለሁ። ጨርቅ አጥባለሁ። የታጠበውንም ደግሜ አጥባለሁ። ቃል ከአፌ ቶሎ አይወጣም፤ ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ። እሷ ደግሞ «አንድ ቤት በራስህ አፍ ካላስረከብህ ተላላኪ ነህ እንጂ ባለሙያ አይደለህም፤ እኔ ባልኖርስ?» ትለኛለች። ከእህቴ ጋር የተጣላንበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። የመምህሩ ቤት ደግሞ ረቡዕ ጠዋት ማለቅ ነበረበት። የልጃቸው ሰርግ ስለ ደረሰ የሩቅ እንግዶች ከሰዓት በኋላ ይገቡበታል። እታለም ቃሏን ሰጥታለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል። ዛሬ ጠዋት የበረኪና ጠርሙስ ስከፍት ሽታው ዓይኔን ቆጠቆጠኝና ቆሜ ቀረሁ። ሌላ ሰው በሽቶ፣ በአበባ ሰው ያስታውሳል፤ እኔ በበረኪና። ሹራቧ፣ ነጠላዋ፣ ጸጉሯ ሳይቀር በረኪና በረኪና ነበር የሚለው። «የእኔ ሽቶ ተባይ ይገድላል» ትል ነበር።

እንጅባራ የመጣሁ ጊዜ ጉም ነበር። በእርግጥ እንጅባራ ጉም ያልነበረበትን ጊዜ አላስታውስም፤ የዚያን ቀን ግን መናኸሪያው ውስጥ ከአውቶቡሱ ወርጄ የአውቶቡሱን ጭራ አላየሁትም። ትምህርቴን ጨርሼ ነበር። ጨረስኩ ስል፣ ትምህርቱ እኔን ጨረሰኝ ማለት ይሻላል፤ ውጤቱ አላሻገረኝም። ቤታችን ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ነው። አባታችን ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ አክስሎ የሚኖር ሰው ነው። የእኛ ቤት ልጅ ጥፍሩ ነጭ ሆኖ አያውቅም። በመኪና መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ሲደረደር እኔና እታለም አፉን በሣር እንዘጋ ነበር። እሷ ቀድማኝ ወጣችና እንጅባራ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆነች። እኔ ስመጣ አረንጓዴ ሹራብና ቢጫ የላስቲክ ጫማ አድርጋ በጉሙ ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ከሩቅ የታየኝ ጫማው ነው። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቢኖር ድንች መግዛት ነው። የተቀቀለ ድንች በዳጣ፣ በአሮጌ ደብተር ቅጠል ተጠቅልሎ፣ አንድ ብር ይሁን ሁለት፣ ሻዩም እንደዚያው ርካሽ ነበር። አሁን በዚያ ዋጋ ቅጠሉንም አይሰጡም። ትኩሱን ድንች ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥን በዋናው መንገድ ሄድን። ያኔ ኮብልስቶኑ ገና ነው፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፤ ሞባይላቸው ላይ ሊያስጭኑ የተሰለፉ ልጆች ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ዛሬ በዚያ ቦታ ፎቅ ቆሟል። መስታወቱን ያጸዳነው እኛ ነን። ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ።

የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ደስታ ይባላሉ። ወፍራም፣ ቁልፍ የሞላው ቀለበት ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ሲመጡ ከመታየታቸው በፊት የሚሰሙ ሴት ናቸው። ሆቴል ሲባል ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ በግቢው ዙሪያ የተደረደሩ ክፍሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ አልጋና ወንበር፣ ከአልጋው ሥር ማስታጠቢያ። እትዬ ደስታ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ወንድ ልጅ ነው አልጋ የሚያነጥፍልኝ?»

«ከእኔ ይሻላል፣ እትዬ» አለች እታለም። ውሸቷን ነው። ቤታችን አንሶላ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ወሩን ልየው። ካልሆነ ሁለታችሁንም አላውቃችሁም። አንቺ ነሽ ያመጣሽው።»

እንዲህ ሆነና የእሷ እንጀራ በእኔ እጅ ገባ። ይህን አውቅ ነበር። አልጋ ማንጠፍ፣ አንሶላ መዘፍዘፍ፣ ወለል መወልወል በሳምንት ለመድኩ። ዘበኛው ጋሽ ቢያድግልኝ ግን አልለመዱኝም። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር ይወረውሩብኛል። «የከሰል አክሳይ ልጅ ነጭ አንሶላ ሲያነጥፍ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ «አንተ፣ ሁሉን አንተ ከቻልከው ሚስትህን ምን ልታሠራት ነው?» እኔ መልሱን ሳሰላስል ግቢውን አቋርጬ እጨርሳለሁ። እታለም ግን ከክፍሉ ውስጥ ሆና ትመልስላቸዋለች፦ «በርጩማ ላይ ትቀመጣለቻ፣ ጋሽዬ! እንደ እርስዎ!» ጋሽ ቢያድግልኝ ይስቃሉ። ክፋት የላቸውም። በኋላ ጊዜ የልጃቸውን ቤት ያጸዳነው በእሳቸው ጠሪነት ነው።

ልወድቅ የደረስኩት በአንሶላ አይደለም፤ በመጥረጊያ ነው። በእኛ ቤት መንገደኛ ከወጣ በኋላ ቤት አይጠረግም። ደረሰ ተብሎ እስኪታሰብ ድረስ ጉድፉ ባለበት ይቆያል። ሰው በወጣበት እግር መጥረግ ሰውየውን ራሱን ጠርጎ ማስወጣት ነው፤ መንገዱ አይቀናም፣ ተመልሶም አይመጣም ይባላል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አባቴ ገበያ ሲወጣ መጥረጊያውን ማገር ላይ ሰክታ ስትተወው እያየሁ አደግሁ። ሆቴል ማለት ደግሞ መንገደኛ ማለት ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ሹፌሩ ጡሩንባውን ሲነፋ ሰዉ እየተንጋጋ ይወጣል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ወዴት ነው መንገዱ?» እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። «ጫግኒ» ካሉኝ እስከ ረፋድ እጠብቃለሁ። «ባሕር ዳር» ካሉኝ ትንሽ እጨምራለሁ። «አዲስ አበባ» ያሉኝ ክፍል ግን እስኪመሽ አይነካም። አልጋውን አነጥፋለሁ፣ ማስታጠቢያውን አጥባለሁ፣ ወለሉን ግን እዘለዋለሁ። የብርቱካን ልጣጭ፣ የእጅ ባትሪ ካርቶን፣ ጭቃ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ አኖራለሁ።

አንድ ቀን ከጫግኒ አቧራ የለበሱ እህል ነጋዴዎች በምሳ ሰዓት ገቡና ክፍል ጠየቁ። እትዬ ደስታ ራሳቸው ከፈቱላቸው። ጩኸታቸውን ልብስ ከማሰጣበት ሰማሁት።

«ይሄ ምንድን ነው? ክፍሉ ለምን አልተጠረገም?»

ሮጬ ደረስኩ። «ገና ናቸው፣ እትዬ።»

«እነማን?»

«ሰዎቹ። አልደረሱም።»

«የት ነው የሚደርሱት?»

«አዲስ አበባ።»

ነጋዴዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እትዬ ደስታ ወደ እታለም ዞሩ። «የሺ፣ ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው? ወይስ የታመመ ነው ያመጣሽብኝ?»

እታለም አንሶላ ታቅፋ ቆማ ነበር። በአገውኛ ቶሎ ብላ «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። እኔም በአገውኛ፣ በዚያ ቋንቋ ትንሽ ይቀናኛል፣ ነገርኳት። በሰው ነፍስ ላይ አልጠርግም አልኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም። ሳቀች። አንሶላውን ለእኔ አስታቅፋ መጥረጊያውን አነሳች።

«እትዬ፣ ልጅዎ ወደ ጎንደር ሲመለስ ቤትዎን ያስጠርጋሉ?»

እትዬ ደስታ ወገባቸውን ያዙ። «እሱ ሌላ ነው። ያ ቤቴ ነው። ይሄ ሆቴል ነው!»

«ለተጓዡ ግን ያው መንገድ ነው። እኔም እፈራለሁ። ለዚህ ነው ወደ ውጭ የማልጠርገው። እዩኝ እስኪ።»

በሩን ከውስጥ ገርበብ አደረገችው። ከደፉ ጀመረች። ከደፍ ወደ ውስጥ፣ ከግድግዳው ወደ መሐል፣ ከአልጋው ሥር ወደ መሐል። አቧራ አላስነሳችም፤ መጥረጊያውን በውኃ ነካ አድርጋው ነበር። ጉድፉ ሁሉ ክፍሉ መሐል ላይ እንደ ትንሽ ክምር ተሰበሰበ። ተንበርክካ በማፈሻ አነሳችውና ባልዲ ውስጥ ጨመረችው። «ይኸው» አለች። «ማንንም አላስወጣሁም። ሰበሰብኳቸው።»

ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ ሽበታሙ፣ «እኔንም ነገ ስወጣ እንደዚሁ ብታደርጊልኝ» አለ። ሌሎቹ ሳቁ፤ እሱ ግን ከልቡ ነበር። እትዬ ደስታ ቁልፋቸውን አቅጨለጨሉ። ደፉን አዩ፣ በረንዳውን አዩ። ለካ ሌሎቹ ሠራተኞች ሁልጊዜ ከየክፍሉ የሚያወጡት ቆሻሻ በረንዳው ላይ እየተከመረ፣ ንፋስ እየመለሰው፣ ሁለት ጊዜ ይጠረግ ነበር። ከዚህ ክፍል ፊት ግን በረንዳው ንጹሕ ነው። «እንግዲያ ሁሉም እንደዚህ ይጠረግ» አሉና ሄዱ። እኔም ወሩን ጨረስኩ። ተቀጠርኩ። የመጀመሪያዋን ደሞዜን ምን እንዳደረግኋት አላስታውስም፤ ለአባቴ ጫማ የገዛሁ ይመስለኛል። እሱም ጫማውን እስከ ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሚያደርገው።

ደስ የሚል ዘመን ነበር። ይህን ስል ሰው ይገረማል። የሰው ሽንት ቤት እያጠብክ ምን ደስታ አለው ይሉኛል። እኔ እንጃ። ጠዋት የሰው እንቅልፍ ያዛባውን አልጋ አንስተህ፣ አንሶላውን በአንድ ጊዜ አየር ላይ ስትዘረጋው፣ እኔ በዚህ ጫፍ፣ እሷ በዚያ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ ሲያርፍ። እሷ ከጎረቤት ሻይ ቤት የሚመጣውን ዘፈን ታንጎራጉራለች፤ ግጥሙን አታውቀውም፣ ከራሷ ትጨምርበታለች። ብዙ ጊዜ የጋሽ ቢያድግልኝን ስም ታስገባበታለች። ዝናብ ሲጥል በቆርቆሮው ሥር ተቀምጠን የተቆላ ባቄላ እንቆረጥማለን። ከተማው አደገ። ዩኒቨርሲቲው መጣ፣ ፎቅ መጣ፣ ሴራሚክ መጣ። አንድ ቀን አንድ ባለ ሕንጻ እትዬ ደስታ ዘንድ መጥቶ «ሠራተኞችሽን ለአንድ ቀን አውሽኝ» አለ። እሱ በተዋሰን ቀን ሥራችንን አገኘነው። እታለም ወዲያው ነው የገባት። ከዚያ በኋላ የራሳችንን ባልዲ፣ የራሳችንን መሰላል ገዛን፤ እትዬ ደስታ አኮረፉ፣ ኋላ መርቀው ሸኙን። ከአዲስ ቅዳም እስከ ዳንግላ፣ ቁልቁል እስከ ጫግኒ፣ አዲስ ቤት የሠራ ሰው «እነ የሺን ጥሩ» ይላል። እነ የሺ ማለት እሷና እኔ፣ ሥራ ሲበዛ ደግሞ የምንጨምራቸው ሴቶች ነን። እኔ «እነ» ውስጥ ነበርኩ። ይመቸኝ ነበር።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ምሳ የበላነው መስኮቱን ጨርሳ ከመሰላሉ ስትወርድ ነው፤ ሽሮ ነበር፣ በሳህን ይዘን መጥተን፣ ባዶው ሳሎን ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠን። ድምፃችን ያስተጋባል። እሷ አንድ ጊዜ «ኡ!» ብላ አስተጋብታ አዳመጠች። ከሰዓት በኋላ ብዙውን ጨረስን። የቀሩን የኋላው ክፍልና ደረጃው ብቻ ናቸው። «ነገ ማልደን እንጨርሰውና ታስረክባለህ» አለችኝ። «እናያለን» አልኩ። በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ተመለስን። «ራሴን አሞኛል» አለች። መናኸሪያው ወርደን ትንሽ እንደ ሄድን፣ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ላይ፣ ተቀመጠች። ሰው ረዳኝ፣ በባጃጅ ወሰድናት። ደም ግፊት ነው አሉ። ሳይጨልም አረፈች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሰዓት መጻፍ አልችልም። ብችልም አልፈልግም።

ጠዋት አስከሬኗ ወደ አባታችን ቤት ገብቷል። የጫግኒ ዘመዶች እስኪደርሱ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ሰዉ ግቢውን ሞልቶታል። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። እኔን ከአባቴ አጠገብ አስቀመጡኝና «አንተ አትነሣ» አሉኝ። ጥቂት ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለኝ አባቴ።

«ዳንግላ። ሥራ አለ።»

አጠገባችን የነበሩት ሽማግሌ «ልጁን ያዙት፣ ሐዘኑ ራሱ ላይ ወጥቷል» አሉ። አባቴ ጥቁር እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«የሺ የጀመረችው ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ጨርሰህ፣ አስከሬኗ ሳይወጣ ድረስ» አለኝ። ለሽማግሌውም «ተዉት» አላቸው።

ዳንግላ ደርሼ የኋላውን ክፍል ጠረግሁ፣ ወለወልኩ። ደረጃውን ከላይ ወደ ታች አጠብኩ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም። መምህር ሙሉቀን ሲመጡ የመጨረሻው ደረጃ ገና እርጥብ ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ ባልዲው ሩቅ ነው።

«የሺስ?» አሉ፣ ከኋላዬ እየፈለጉ።

«አርፋለች» አልኩ። «ትናንት አመሻሹ ላይ። ቀብሯ ዛሬ... ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እና አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ልጄ?»

«ቤቱን ላስረክብዎ ነው።»

«ቤቱ የትም አይሄድ። ተወው። ወደ እህትህ ሂድ።»

«አይ። ይረከቡኝና ልሂድ።»

መምህሩ ጎንበስ ብለው፣ ዕድሜያቸው እያስቸገራቸው፣ ጫማቸውን ፈቱና ከደጅ አኖሩት። «በል አሳየኝ» አሉ፤ «ከዚያ በመኪናዬ አደርስሃለሁ፣ እኔም እቀብራለሁ።»

እታለም ብትሆን ከሳሎኑ ትጀምር ነበር፤ ያ ትልቁ መስኮት ብርሃኑን ሲያስገባ እያሳየች፣ ስለ ሰርጉ እየጠየቀች፣ እያሳቀቻቸው። እኔ ሳሎኑን ዝም ብዬ አለፍኩት። ወደ ኋላው ክፍል ወሰድኳቸውና፣ ጥጉ ላይ ተንበርክኬ፣ ጠዋቱን ሙሉ በምላጭም በጋዝም ታግዬው እምቢ ያለኝን የቀለም ጠብታ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ይሄ አልለቀቀልኝም» አልኩ። «ሌላው ንጹሕ ነው።»